ያገለገለ የፋብሪካ ስፌት ማሽን ለቆዳ ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቆዳ በእጅ መስፋት ምን እንደሚመስል የሰፋ ሰው ጣቱን ይጠይቅ። የመጀመሪያው ቦርሳ ደስ ይላል። አሥረኛው ላይ ግን አውራ ጣት ያምፃል። ያኔ ማሽን ይታሰባል። አዲሱ ኪስ ይጎዳል፣ ስለዚህ ያገለገለ ይፈለጋል። ጥያቄውም ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልኝን ሰብስቤ፣ ከልምዴ የማውቀውን መልሻለሁ።

የቤት ስፌት ማሽኔ ጂንስ ይሰፋል። ለቆዳ ለምን አይሆንም?

ስስ ቆዳ ላይ ለጊዜው ይሠራ ይሆናል። ችግሩ ሰው እንደሚያስበው የጉልበት ብቻ አይደለም፤ አጎታተቱ ነው። የቤት ማሽን ሥራውን የሚጎትተው ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው። ከላይ ያለው እግር ተጭኖ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። ጨርቅ ከእግሩ ሥር ይንሸራተታል። ቆዳ ግን ይጣበቃል። የታችኛው ድርብ ሲሄድ የላይኛው ይቀራል፤ ጫፍ ላይ ስትደርሱ አንዱ ካንዱ አልፎ ታገኙታላችሁ። ወፍራም ክርም አይወድም። ለአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ቴክስ 70 ጣሪያቸው ነው (ቴክስ የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል)። “የፋብሪካ ጉልበት ያለው የቤት ማሽን” የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ታዲያ ምን ዓይነት ልፈልግ?

መርፌው፣ እግሩና ጥርሱ ሦስቱም አብረው የሚራመዱበትን። ሻጩ “ዎኪንግ ፉት ነው” (እግሩ የሚራመድ ማለቱ ነው) ስላላችሁ ብቻ አትመኑ፤ ያ ስም ለብዙ ነገር ይሰጣል። ራሳችሁ እዩት። ቁራጭ ቆዳ ከእግሩ ሥር አስገቡና በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ዓይናችሁን መርፌው ላይ ትከሉ። መርፌው ቆዳውን ከወጋ በኋላ፣ እዚያው ውስጥ እያለ ወደ ማዶ ይዞት ይሄዳል? የውስጠኛው እግርስ ከመርፌው እኩል ይራመዳል? ቀጥሎ የውጨኛው እግር ወርዶ ቆዳውን ሲይዝ፣ የውስጠኛው ተነስቶ ወደ እናንተ ይመለሳል? ሦስቱንም ካያችሁ የምትፈልጉት እሱ ነው። መርፌው ባለበት ወጣ ገባ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለቦርሳና ለቀበቶ አይመቻችሁም፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ደጋግማችሁ የምትሰሟቸው ስሞች ሲንጀር 111ደብልዩ155፣ ጁኪ ኤልዩ-563፣ ኮንሲው 206፣ ፋፍ 545 እና አድለር 67 ናቸው። ሁሉም አሮጌ ናቸው። ሁሉም ብረት ናቸው። መለዋወጫቸውም እስካሁን ይሸጣል፤ ከስማቸው በላይ የሚጠቅማችሁ ይኸኛው ነው። በነገራችን ላይ፣ የድሮ ሲንጀር ሞዴል ቁጥር ላይ ያለችው ፊደል ፋብሪካውን ትናገራለች። ደብልዩ የአሜሪካው ብሪጅፖርት፣ ኬ የስኮትላንዱ ክላይድባንክ፣ ጂ ጀርመን ነው። ለስፌቱ ምንም አይጨምርም፤ ግን ሻጭ “ይሄ ጀርመን ነው” ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ይጠቅማል።

ሥራው የሚያርፍበት የማሽኑ ወለል ጠፍጣፋ፣ ክንድ ወይስ ምሰሶ ይሁን?

ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ጃኬት፣ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ጠፍጣፋው ላይ ይሰፋል። ተሰፍቶ የተገለበጠ ቦርሳ ጠርዝ ለመዞር ክንድ ያለው ይሻላል፤ ሥራው ክንዱ ላይ እንደ እጅጌ ይጠለቃል። ምሰሶው የጫማ ሰሪ ነው። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው፣ በብዛት ቦርሳ ካልሠራ በቀር፣ በጠፍጣፋው ይጀምር። ርካሽም ነው፣ በብዛትም ይገኛል።

ምን ያህል ውፍረት ይሰፋልኛል?

ከላይ የጠቀስኳቸው መካከለኛ ማሽኖች ናቸው። እስከ ቴክስ 135 ክር በምቾት ይሠራሉ። ሁለት ድርብ የ3 ሚሊሜትር ቀበቶ፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር፣ አይከብዳቸውም። ኮርቻ፣ የውሻ ማሰሪያና ወፍራም የመሣሪያ ማህደር ካሰባችሁ ሌላ ክፍል አለ፤ ጁኪ ቲኤስሲ-441 እና እሱን መስለው የተሠሩት። እነዚያ ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋሉ፣ ቴክስ 270 ክርም ይጎትታሉ። ግን እነሱ ላይ ስስ የኪስ ቦርሳ ልስፋ ብትሉ በመጥረቢያ ሽንኩርት እንደመክተፍ ነው። ሁሉን የሚሰፋ አንድ ማሽን አለኝ የሚላችሁ ሰው ወይ አልሰፋም፣ ወይ እየሸጠ ነው።

ለማየት ስሄድ ምን ልያዝ? ምንስ ልይ?

የራሳችሁን ቆዳ፣ የራሳችሁን ክር፣ አዲስ መርፌ፣ ካቻቪቴና የእጅ ባትሪ።

የራሳችሁን ያልኩት ተቀጥቼ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን ስገዛ ሻጩ ሸራ ላይ በቀጭን ክር ሰፋልኝ። ስፌቱ እንደ መስመር ነበር። በደስታ ከፍዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ቤት ገብቼ በወፍራም ክር ቆዳ ስሰፋ በየአራተኛው ይዘላል። ከመርፌው ሥር እየዞረ ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ጫፉ ተሸርፎ ነበር። ቀጭን ክር ያልፈዋል፤ ወፍራሙ ያጋልጠዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መንጠቆውን። ማሽኑን ከሞተሩ አጥፉና ከመርፌው ሥር ያለውን መዝጊያ ከፍታችሁ ባትሪ አብሩበት። ጥፍራችሁን ጫፉ ላይ በቀስታ አሳልፉ። ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ጭረት ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይወለወላል። ጫፉ ከተሰበረ ግን አዲስ መንጠቆ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ውድ ከሚባሉት መለዋወጫዎች አንዱ ነው። ዋጋውን ከምትጠየቁት ላይ ቀንሱ።

ቀጥሎ መዘውሩን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ ወይ ክር ተጠምጥሟል፣ ወይ የተጣመመ ነገር አለ። መዘውሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉና ሳቡት፤ ከተንኳኳ ኩሽኔታው ወይም ቡሽው አልቋል። መርፌው የታሰረበትን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ትንሽ ንቅናቄ ያለ ነው። የሚታይ ከሆነ ግን ዕድሜውን ጨርሷል።

አሁን ስፉ። ሁለት ድርብ ላይ ጀምሩ፣ አራት ድርብ ላይ አውጡት፣ ከዚያ ወደ ሁለት አውርዱት። ደረጃው ላይ የስፌቱ ርዝመት ካጠረ ወይ እግሩ በበቂ አይነሳም፣ ወይ ጭነቱ አልተስተካከለም። ይህ ብዙውን ጊዜ በማስተካከል ይድናል። ወደ ኋላ መስፊያ ካለው እሱንም ተጭናችሁ ሞክሩ። መርፌው ቀድሞ የወጋው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል? ካልገባ ደህና ባለሙያ ያስተካክለዋል። ግን ስታዩት ምንም እንዳላያችሁ ዝም አትበሉ። መደራደሪያ ነው።

የብሎኖቹን ራስ እዩ። የተላጠ ከሆነ ብዙ እጅ ነካክቶታል። ቦቢን፣ የቦቢን ቤት፣ ተንሸራታች መዝጊያና እግሮቹ መኖራቸውንም ቁጠሩ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን ደግሞ እኔን አያስደስተኝም። ቅባትና አቧራ የጠጣው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ሲሠራ እንደነበር አውቃለሁ።

መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ወጣ ገባ ይላል፣ መንጠቆው ግን አይንቀሳቀስም። አለቀለት?

ሻጩም እንደዚያ መስሎት ይሆናል፣ ያ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ብዙዎቹ የዚህ ክፍል ማሽኖች መከላከያ አላቸው። ክር መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም፣ መንጠቆው እንዳይሰበር ከታችኛው ዘንግ ራሱን ይለያል። የሚመለሰው በቀላሉ ነው። የተጠመጠመውን ክር ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ። ከዚያ የማሽኑ ወለል ላይ፣ ከመርፌው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኑና እንደያዛችሁ መዘውሩን ጠንከር አድርጋችሁ አዙሩ። ቀጭ ይላል። በቃ። አንድ ጓደኛዬ በብረት ዋጋ የገዛው “የሞተ” ማሽን በዚህች ቀጭታ ተነስቶ እስከ ዛሬ ይሰፋል።

አብሮት የመጣውን ሞተር ልተወው ወይስ ሰርቮ ልግዛ?

ሰርቮ። እዚህ ላይ ብዙም አልከራከርም።

ድሮ የሚመጣው ክላች ሞተር ነው። ሰፋችሁም አልሰፋችሁም እያጓራ ይዞራል፣ ፔዳሉን ስትነኩ ይይዛል። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ለሚሰፋ ሰው ጥሩ ነው። ለቆዳ ግን ፍጥነቱን አስቡት። ሞተሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ቢዞር፣ የሞተሩ ፑሌጃ 75 ሚሊሜትር፣ የመዘውሩ 100 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ማሽኑ በደቂቃ 2,100 ጊዜ ይወጋል። በሰከንድ 35 ማለት ነው። የቦርሳ ኩርባ ላይ መርፌው ጠርዙን ስቶ ሲወጣ የምታዩት ካለፈ በኋላ ነው። ቆዳ ደግሞ እንደ ጨርቅ ተፈትቶ አይሰፋም፤ የተወጋ ቀዳዳ እዚያው ይቀራል። ለጀማሪ በደቂቃ 200 እንኳን ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ማሽን ይመስለኛል።

ሰርቮ ፔዳሉን ካልነካችሁ ዝም ይላል። ከፍተኛ ፍጥነቱን በቁልፍ ትወስኑለታላችሁ። 550 ወይም 750 ዋት የተለመደው ነው። አንድ ድክመት አለው፦ ርካሾቹ በጣም ዝግ ሲሉ ጉልበት ያጥራቸዋል፣ ወፍራም ቆዳ ላይ መርፌው ሊቆም ይችላል። መፍትሔው የሞተሩን ፑሌጃ ወደ 45 ወይም 50 ሚሊሜትር መቀነስ ነው። ካልበቃ በመሀል መቀነሻ ፑሌጃ ይገባል። አንድ ለሦስት የሚቀንስ ከሆነ ፍጥነቱ ሲሶ ይሆናል፣ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ። ፑሌጃ ስትቀይሩ ቺንጊያውም እንደሚቀየር አትርሱ።

ከፋብሪካ የወጣ ሞተር ላይ ያለውን ሳህን አንብቡ። 3 ፌዝ፣ 380 ቮልት የሚል ከሆነ ቤታችሁ ያለው ሶኬት አያነሳውም። አይክፋችሁ። አሮጌው ማሽን ራሱ ኤሌክትሪክ አያውቅም፤ ሞተሩን ፈታችሁ ሌላ ማሰር ነው። ክር የሚቆርጡና በራሳቸው የሚቆሙ ዘመናዊዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። መቆጣጠሪያ ሳጥናቸው ከሞተ፣ የሳጥኑ ዋጋ ከማሽኑ ሊበልጥባችሁ ይችላል።

የትኛውን መርፌና ክር ልጠቀም?

ሁለት ነገር ለዩ፦ የመርፌው ዘርና የመርፌው ውፍረት። ዘሩን ማሽኑ ይወስናል፣ ውፍረቱን ክሩ።

ለብዙ ጁኪና ኮንሲው ዘሩ 135×16 ወይም 135×17 ነው። ርዝመታቸው አንድ ነው፤ 16ቱ ጫፉ ለቆዳ የተሳለ፣ 17ቱ ለጨርቅ የሾለ። ፋፍና አድለር ላይ 134-35 ታገኛላችሁ። 135×5 የሚባለው አጭር ነው፣ በስሙ ተሳስታችሁ እንዳትገዙት። መርፌ ሲያጥር መንጠቆው ክሩን አያገኘውም። ማሽን ሻጭ ያገኘውን መርፌ ሰክቶ፣ ለእሱ እንዲስማማ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ የሸጠበትም አጋጣሚ አለ። ትክክለኛውን መርፌ ስትከቱ መስፋት እምቢ ይላል፤ እናንተም ማሽኑን ትረግማላችሁ።

ውፍረቱ ቀላል ነው። መርፌ ላይ የተጻፈው 140 ማለት 1.4 ሚሊሜትር ነው። ለቴክስ 70 ክር 110፣ ለቴክስ 90 ደግሞ 120 ወይም 125። ለቴክስ 135 መርፌው 140፣ ለ210 ሲሆን 160፣ ለ270 ደግሞ 180። ካልተማመናችሁ መርፌውን ክር ላይ አንጠልጥሉና ክሩን አጋድማችሁ ወጥሩት። መርፌው በራሱ ተንሸራቶ መውረድ አለበት። ተንጠልጥሎ ከቀረ ጠቧል።

ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ናይለን ጠንካራና ለስላሳ ነው፣ ግን ፀሐይ ያደክመዋል። ውጭ የሚውል ዕቃ በፖሊስተር ስፉ። የቆዳ ጫፍ ያለው መርፌ ጨርቅ ላይ አትጠቀሙ፤ የጨርቁን ክር ይቆርጠዋል።

ቤት አስገባሁት። በምን ልጀምር?

መጀመሪያ ለመሸከም ሁለተኛ ሰው ጥሩ። ጭንቅላቱ ብቻ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ መዘውሩን ይዛችሁ አታንሱ። ለብቻው ፈትቶ፣ ጠረጴዛውን ለብቻ መውሰድ ይሻላል።

ከዚያ ጽዳት። የቆየ ዘይት እንደ ሙጫ ይደርቃል። ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ በትንሽ ብሩሽ እየነካችሁ አሟሙት፣ ጥረጉት፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥም ጠብ አድርጉ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ። ሲደርቅ በነጭ የስፌት ማሽን ዘይት ቀዳዳውን ሁሉ አጠጡ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ የመኪና ዘይትም አይሆንም። ቺንጊያውን ሳታስገቡ መዘውሩን በእጅ ሃምሳ ጊዜ አዙሩ። ጥቁር ዘይት ሲወጣ ታያላችሁ። እንደገና ጥረጉ፣ እንደገና አጠጡ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ ግን “ከብዷል” የተባለ ማሽን ግማሹ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ቺንጊያው መሀሉ ላይ በጣት ሲጫን አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ገባ ይበል። በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሰርቮው መዘውሩን ወደ እናንተ ካላዞረ አቅጣጫ መቀየሪያ አለው፤ በተቃራኒው እየዞረ እንዳትሰፉበት።

ስፌት ይዘላል። መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ተዛብቶ ነው?

ምናልባት። ግን ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት መርፌውን ቀይሩ። አዲስ ይሁን፣ እስከ ላይ ይግባ። ረጅሙ ቦይ ክሩ በሚገባበት በኩል፣ የተላገው ጎን ወደ መንጠቆው ይዙር። የእግሩን ጭነትም ጨምሩ። መርፌው ሲወጣ ቆዳውን ይዞት ከተነሳ ክሩ ቀለበት አይሠራም። ከአሥር ዝላይ ስምንቱ እዚህ ያልቃል፤ የቆጠርኩት ባይሆንም በልምዴ እንደዚያ ነው።

ካልሆነ ጊዜውን እዩ። መዝጊያውን ክፈቱና በእጅ አዙሩ። መርፌው መጨረሻ ታች ይደርሳል። ከዚያ 2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ተመልሶ ሲነሳ፣ ክሩ ከመርፌው ጎን አብጦ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። የመንጠቆው ጫፍ ልክ በዚያች ቅጽበት የመርፌው መሀል ላይ መድረስ አለበት፣ ከመርፌው ዓይን 1.5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ። በሁለቱ መሀል የወረቀት ያህል ክፍተት ብቻ ይኑር። ከነካካ መርፌ ይሰብራል፤ ከራቀ ይዘላል። ይህን የምትለኩት በምትሰፉበት ውፍረት መርፌ ይሁን፤ ለ110 የተስተካከለ ክፍተት ለ160 ይጠባል።

ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ዘንጉ ላይም በማርከር ምልክት አድርጉ። ይህን ያልኩት ሁለት ቀን ከጠፋብኝ በኋላ ነው።

ከታች በኩል ክሩ ጎጆ ይሠራል።

ከታች ስለታየ የታችኛውን አትነካኩ። ጥፋቱ የላይኛው ነው። ወይ ክሩ ማጥበቂያው ሳህኖች መሀል አልገባም፣ ወይ ከክንፉ (ክሩን እየሳበ ላይ ታች ከሚለው ዘንግ) ቀዳዳ ወጥቷል። እግሩን አንስታችሁ ክሩን እንደገና አስገቡ። ስፌት ስትጀምሩም ሁለቱን የክር ጫፎች ለሦስት ውግ ያህል በእጃችሁ ያዙ።

ቆዳው ላይ የጥርስ ጠባሳ ይቀራል።

ጥርሱ ለሸራ የተሠራ ነው። የእግሩን ጭነት፣ ዝላይ እስካልመጣ ድረስ፣ ቀንሱ። ለስላሳ እግር ይሸጣል፣ ግዙ። የታችኛውን ጥርስ ሞርዶ ማለስለስም የተለመደ ነው። መርፌው ራሱ ስለሚጎትት ማሽኑ አይቸገርም። ግን ዋናውን አስቀምጣችሁ ትርፍ ገዝታችሁ ሞርዱ።

ዘይት በየስንት ጊዜ?

በምትሰፉበት ቀን ሁሉ መንጠቆው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ሌላው ቀዳዳ ላይ በሳምንት። ከዘይት በኋላ ቁራጭ ላይ ጥቂት ስፉ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጠብታ ነጩ ቆዳችሁ ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያ ቀን ምን ልስፋ?

ምንም። ክር አውጡ፣ ካርቶን ላይ መስመርና ኩርባ ስሉና በባዶ መርፌ ተከተሉት። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ መዋል ሲጀምሩ ወደ ቁራጭ ቆዳ እለፉ። ለዚህ አሮጌ መርፌ ይሁን፤ ካርቶን መርፌ ያደነዝዛል።